ካውያ የተጫነው ዳቦ

በእስር ቤቱ በር ላይ ዳቦ በሳንጃ ይሰነጠቅ ነበር። ሽሮው በእንጨት ይማሰላል፣ እንጀራው አንድ በአንድ ይገለጣል፤ ዳቦው ግን ይሰነጠቅና የጠባቂው ጣት እስከ ውስጡ ድረስ ገብቶ ይፈትሻል። የሚፈለገው ወረቀት ነው። አባቴ የታሰረውም በወረቀት ነበር። በሚሠራበት ቡና ቤት ጠረጴዛ ሥር የተበተነ ወረቀት ተገኘ ተባለና ከነነጭ ጃኬቱ ይዘውት ሄዱ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለሚጠይቃት ሁሉ አንድ መልስ ነበራት፦ «እሱ የሚያውቀው ወረቀት ሳንድዊች መጠቅለያውን ነው።»

የወሰዱት በጳጉሜን ነው፤ ዘመን ሊለወጥ ትንሽ ሲቀረው። እንቁጣጣሽን ያለ እሱ ዋልን። በቤታችን እንቁጣጣሽ ያለ አባቴ ምን ማለት እንደነበረ ካልተናገርኩ የቀረው ታሪክ አይገባም።

አባቴ ልጅ ሆኖ ዲቁና ተቀብሏል። ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ፒያሳ ቡና ቤት ተቀጠረና ነጭ ጃኬት ለባሽ አስተናጋጅ ሆኖ ቀረ እንጂ ትምህርቱ ከእጁ አልወጣም። «ከእጁ» ስል እውነቴን ነው። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በሩ ላይ ይቀመጥና የጣቶቹን አንጓ በአውራ ጣቱ እየነካ ባሕረ ሐሳቡን ይቆጥራል። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቀና ብሎ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ሁዳዴ መቼ እንደሚያዝ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል ይነግረናል። እማዬ ያንን በልቧ ትይዘዋለች። ግድግዳችን ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ አያውቅም፤ የቤታችን የቀን መቁጠሪያ እሱ ነበር።

ሁለተኛው ኩራቱ ደግሞ ቶስቱ ነው። ቡና ቤቱ ውስጥ ጣሊያኖች ትተውት የሄዱት ከባድ የብረት መጭመቂያ ነበረ አሉ፤ እኔ አላየሁትም፣ በወሬው ነው የማውቀው። ዳቦውን በሁለት ብረት መሃል አስገብቶ ሲጫነው እንዴት ጢስ እንደሚል፣ ጠርዙ እንዴት እንደሚጣበቅ ሲያወራ በሁለት መዳፉ አየሩን ይጨምቅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱን በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል። ከፒያሳ ጉለሌ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል፣ ግን ምን ግዴ! ፊቴ ቁጭ ብሎ ይበላና ጫፏን፣ ያችን የደረቀች የማዕዘኗን ቁራሽ፣ ትቶ «የኔ እናት፣ ይኸው ድርሻሽ» ይለኛል። ሙሉውን ቢሰጠኝ ይችል ነበር፤ አንዳንዴም ይሰጠኛል። እኔ የምፈልገው ግን እሱ በልቶ የተዋትን ነበር። ልጅ የአባቱን ትራፊ የሚበላበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ሳልነግረው ያውቃል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የታሰረው።

ስንቅ የሚደርሰው ጠዋት ነው። ጠባቂው ፈትሾ ያስገባል፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ባዶውን የምሳ ዕቃ እንወስዳለን። ባለቤቱን ማየት የለም፣ ድምፁን መስማት የለም። ዕቃው ባዶውን ከወጣ በልቷል ማለት ነው፤ ከበላ አለ ማለት ነው። በቃ፣ የምናውቀው ይህን ብቻ ነበር። በወሰዱት የመጀመሪያ ሰሞን እማዬ ግራ ገብቷት ረቡዕን ማክሰኞ አድርጋ ቅቤ የነካው ሽሮ ላከችለት። ሳይነካ ተመለሰ። እማዬ የምሳ ዕቃውን ከፍታ አየችና ከወሰዱት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «አለ! ራሱ ነው! ከሱ በቀር በዚያ ቤት ረቡዕ ነው ብሎ ጦሙን የሚያድር ማን አለ?» አለች። በማግስቱም መንገዱን ሁሉ እየሳቀች፣ ደግሞ እያለቀሰች ነው የሄደችው።

ኋላ ግን ዕቃው አልፎ አልፎ ያለ ጦም ቀኑም ሙሉውን ይመለስ ጀመር። ነገሩን የነገረን ከዚያው የተፈታ አንድ ሰው ነው፤ ፈርቶ በጓሮ በኩል ገብቶ፣ ሳይቀመጥ ነገረንና ወጣ። «ዳቦው ፍርፋሪ ሆኖ፣ የሰው ሁሉ ጣት ገብቶበት ነው የሚደርሰን» አለ። «ሌሎቻችን እንበላዋለን፣ እሳቸው ግን አይሆንላቸውም። ጠያቂ ለሌለው ይሰጡታል። ከስተዋል፣ እትዬ።» አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ለሰው ምግብ በንጹሕ እጅ ሲያቀርብ የኖረ ሰው ነው። የተጎረጎረ ነገር መዋጥ አልቻለም።

 ያን ዕለት ማታ እማዬ እራት ላይ ዳቦዋን በሁለት መዳፏ መሃል አድርጋ ተጫነችው። አነሳችውና አየችው። እንደገና ተጫነችው።

«አንቺ፣» አለችኝ፣ «አባትሽ የሚያመጣው ዳቦ ውስጥ ጣት ይገባል?»

«አይገባም፤ ጠርዙ የተጣበቀ ነው።»

«የሚሰነጠቅስ ነው?»

«እንደ ካርቶን የሳሳ ነው እኮ እማዬ፣ ምኑ ይሰነጠቃል?»

«እንግዲያው እንደሱ አድርገን እንሠራለን» አለች። መጭመቂያውን ለመሥራት የተነሳነው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የሞከርነው በበርሜል ክዳን ነበር። ክዳኑን ቆርጠን ዳቦውን በመሃል አድርገን ከሰል ላይ ብንጥደው፣ ቆርቆሮው ሲሞቅ ሆዱን ነፍቶ ተነሳ። ዳቦው መሃሉ ከሰለ፣ ዳሩ እንደ ሊጥ ነጭ ሆኖ ቀረ። የተቃጠለውን እኛው በላነው፤ ያን ጊዜ ፉርኖ ዳቦ በሰልፍ ነው የሚገኘው፣ የሚጣል ነገር አልነበረም። በማግስቱ ቆራሌው በደጃችን ሲያልፍ እማዬ በር ላይ ወጥታ ጠራችው።

«ምን አለ እትዬ? ጠርሙስ? አሮጌ ጫማ? የተቀደደ ባልዲ?»

«የሚሸጥ የለኝም። ወፍራም ላሜራ አለህ ወይ?»

ሰውየው ጆንያውን አወረደና ወደ እኔ ዞረ። «እናትሽ ደህና ናቸው? እኔ እኮ ገዢ ነኝ።»

«ዛሬ ሻጭ ብትሆን ምን ትሆናለህ?»

«ደግሞ ለምን ሊሆን ነው?»

«ዳቦ ልጠብስበት።»

«ኧረ እትዬ! የጠፋው ዳቦው ነው እንጂ መጥበሻው አይደለም!»

እንደዚያ እያለ ግን ጆንያውን አገላብጦ ሁለት የወፈሩ የብረት ቁራጮች አወጣ። የማኪና ይሁኑ የምድጃ እንጃ፤ ከባዶች ነበሩ። እማዬ የአባዬን ባዶ ጠርሙሶች ሰጥታ ተቀበለችው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ በአመድና በድንጋይ ፈተግናቸው። እጄ ዝገት ዝገት ሲሸት ሰነበተ።

ሁለቱን ብረቶች ማያያዙን የያዘልን ጎረቤታችን ሸማኔው ነው። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ነበር፤ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች በደጃችን ያልፋሉ፤ ከግድግዳችን ማዶ ደግሞ የሸማኔው የሽመና ዕቃ ከጠዋት እስከ ማታ ቋ፣ ቋ ይላል። ከጋሞ የመጣ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ሳያሾፍ መናገር የማይችል ሰው ነበር። ጋሼ እለዋለሁ። ያን ጊዜ የታሰረ ሰው ቤት መግባት ያስጠይቃል፤ ብዙ ሰው መንገድ ቀይሮብናል። እሱ ግን በግድግዳው ላይ አንገቱን አስግጎ ብረቶቹን አያቸው።

«ይሄ ምንድን ነው እህቴ? ወጥመድ ነው?»

«የዳቦ ነው።»

«ዳቦው መሮጥ ጀመረ እንዴ?»

እማዬ ነገሩን ስትነግረው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ብረቶቹን በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ብየዳ ቤት ወሰዳቸው። ሲመልሳቸው ከአሮጌ በር በተነቀለ ማጠፊያ ተያይዘው እንደ መጽሐፍ ይከፈቱና ይዘጉ ነበር። ለእጀታው የተሰበረውን የራሱን መወርወሪያ ነው የሰጠን፤ ክሩን ግራና ቀኝ ሲያመላልስበት የኖረው እንጨት ነው፣ ከመያዝ ብዛት እንደ ቅባት ይለሰልሳል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው። ከቡሎኖቹ አንዱ ረዝሞ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ወጥቷል። ጋሼ በሞረድ ቢፈትገው ቢፈትገው አልጠፋም። «ተወው» አለች እማዬ፤ «ምልክት ይሁነን።»

የቀረን ክብደት ነው። ብረቱ ዳቦውን ይዘጋዋል እንጂ አይጫነውም። ድንጋይ ብናስቀምጥበት ሙቀቱን ጠጥቶ ያቀዘቅዘዋል። እማዬ ቆማ አሰበችና ወደ ጓዳ ገብታ ካውያውን ይዛ ወጣች። የከሰል ካውያችን ነው፤ በየማታው የአባዬን ነጭ ጃኬት የምትተኩስበት። ከወሰዱት ወዲህ ከቦታው አልተነሳም ነበር። ከሰል ሞላችበት፣ እስኪግል አራገበችው፣ ከዚያ መጭመቂያው ላይ አስቀመጠችው። ከታች እሳት፣ ከላይ እሳት፣ በመሃል ዳቦ። ጢስ... አለ። አባዬ በመዳፉ አየሩን ሲጨምቅ በአፉ የሚያወጣው ድምፅ ነበር፣ ያው ራሱ። ሁለታችንም ተያየን።

ሰዓት አልነበረንም፤ እማዬ በጸሎት ነው የምትለካው። ለአንዱ ገጽ አቡነ ዘበሰማያት፣ ለሌላው በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል። ፈጥና ካነበነበች ዳቦው ጥሬ ይሆናል፣ ስለዚህ ቃል በቃል ረጋ ብላ ነው የምትለው። ያን ያህል በእርጋታ ጸልያ አታውቅም ነበር፤ እኔም የምጸልየው እስከ ዛሬ በዚያ ልክ ነው። በጦም ድንች ቀቅለን ፈጭተን በሽንኩርትና በቃሪያ፤ በፍስክ ስስ አድርገን የጠበስነው እንቁላል። ጠርዙን በማንኪያ ጀርባ ትጫነዋለች። ሲወጣ ጠፍጣፋ፣ ወርቃማ፣ መሃሉ ላይ የቡሎኗ ክብ ምልክት ያረፈችበት ይሆናል።

በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ የነበረው ጠባቂ ገና ጢሙ ያልበቀለ ልጅ ነበር። ዳቦውን አገላበጠው፣ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው? የጫማ ሶል ነው?»

«ዳቦ ነው፣ ልጄ።»

«ዳቦ? ታንክ ሄዶበታል እንዴ?» ወደ ጓደኛው ዞረና፣ «ኧረ ና እይ! ማኅተም ያለው ዳቦ! እትዬ፣ የየትኛው ቀበሌ ማኅተም ነው?»

«የቤቴ ነው» አለች እማዬ። ለዚህ ብላ የያዘችውን ሌላ ዳቦ አውጥታ ሰጠችው። «ቅመሰው። በሳንጃህ ከምትነካብኝ በአፍህ ፈትሸው።»

ልጁ ሳቀ። ቆርሶ አኘከ፣ ለጓደኛውም አካፈለው። የአባዬን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየውና ሳይሰነጥቀው መለሰው። «ይግባ» አለ።

ከሰዓት በኋላ የምሳ ዕቃው ሲወጣ ባዶ አልነበረም። እማዬ እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ ከፈተችው። ከሥሩ አንዲት የማዕዘን ቁራሽ ነበረች።

ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ በእጄ መዳፍ ላይ አስቀመጠችልኝና «ድርሻሽ ነው» አለችኝ። አማትቤ በላኋት። እንደ ጠበል ነው የዋጥኳት እንጂ እንደ ምግብ አላኘክኋትም። በደረቱ ላይ እንዳስጠጋኝ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ሌላ እንዴት እንደምናገረው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣችልኝ። የነቢያት ጦም ገባ፣ የድንቹ ጫፍ መጣች። ገና ሆነ፣ የእንቁላሉ ጫፍ መጣች። ቃል መለዋወጥ በተከለከለበት ጊዜ ከአባቴ ጋር በየቀኑ እነጋገር ነበር ብል ዋሸሽ የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እማዬ ፊቷ መለስ አለ። ጋሼ በግድግዳው ላይ ይጮህብናል፦ «ቡና ቤቱ ተከፈተ ወይ? ለኔም አንድ ያዙልኝ!»

ጥምቀት ዋለ። ታቦት ወርዶ ገባ፤ ተኩስ የሚሰማበት ዘመን ቢሆንም እልልታው አልቀረም። በማግስቱ ጥር አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ታቦት ወደ ማደሪያው በሚመለስበት ቀን፣ የምሳ ዕቃው ባዶውን ወጣ። ጫፏ የለችም።

እኔ ከፋኝ። እማዬ ግን ደስ አላት። «አንቺ ደግሞ! የተራበ ሰው ሁሉን ይበላል፤ አምሮቱ ተመለሰለት ማለት ነው» አለችኝ። በሚቀጥለውም ቀን የለችም፣ በሚቀጥለውም። እማዬ ዳቦውን ሁለት አደረገችው። ሁለቱም አልቀው ባዶው ይወጣል። ጋሼም ሰምቶ «ሰውዬው ሊወፍር ነው! ሲወጣ በበሩ እንዳያቅተው፣ በሩን ከአሁኑ እናስፋው» አለ። እማዬ በዚያ ቀልድ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስትል ዋለች። 

የቀበሌው ስብሰባ በእሁድ ጠዋት ነበር፤ ልክ በቅዳሴ ሰዓት። ሌላው ሰው አንዳንዴ ይቀራል፤ የታሰረ ሰው ሚስት ግን መቅረት አትችልም። ስለዚህ በዚያ ሰሞን እሁዶቹን በቤተ ክርስቲያን ሳንገኝ ሰነበትን። በአውደ ምሕረት ምን እንደተነገረ አልሰማንም። ለወትሮው መስማትም አያስፈልገንም ነበር፤ አባዬ በእንቁጣጣሽ ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብሎ ይነግረን የለ? ያን ዓመት ግን የሚቆጥርልን አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት እማዬ እንቁላል ጠበሰች። ዳቦውን ጨመቀችው፣ ወሰድነው፣ ገባ። ስንመለስ ጋሼ ሥራው ላይ ነው። እማዬ የተረፈውን ይዛ «ያዙልኝ ብለህ አልነበር?» ብላ በግድግዳው ላይ ዘረጋችለት። እጁን ሳይዘረጋ አያት።

«እህቴ፣ እንቁላል ነው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ዛሬ እኮ ነነዌ ገባች።»

እማዬ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። «ዛሬ?»

«ትናንት ተነገረ። ሦስት ቀን ነው፣ እስከ ረቡዕ።»

«ወይኔ! ቀኑን ሙሉ ጦሙን ሊውልብኝ ነው!» ወደ ቤት ሮጠች። ድንቹን እንዴት እንደላጥነው፣ ካውያውን እንዴት እንዳጋልነው አላውቅም። ያንን ይዘን ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድን። የስንቅ ሰዓት አልፏል ተባለ። እማዬ ለመነች፤ አልሆነም። እዚያው ግድግዳው ሥር ተቀመጥን። እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ሐሳቧ አንድ ብቻ ነበር፤ የምሳ ዕቃው ሙሉውን ይመለሳል፣ እሱ ባዶ ሆዱን ያድራል። «በኔ ጥፋት» ትላለች። «ይቅር በለኝ ብለው እንኳ፣ እሱ እኮ መልሶ ይቅርታ የሚጠይቀኝ ሰው ነው።»

ዕቃው ወጣ። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከእጄ ላይ ቀለለኝ።

ለእማዬ ሰጠኋት። ክዳኑን ከፈተች። ባዶ ነው። ከዳሩ ላይ አንዲት የእንቁላል ቅንጣት ተጣብቃለች፤ ሌላ ምንም የለም።

አካባቢው ሰው ሞልቷል፣ ስም እየተጠራ ነው፣ ዕቃ እየተቀባበለ ነው። እኛ ሁለታችን ያችን ቅንጣት እናያለን።

«ረስቶት ይሆናል» አልኳት። «እኛም ረስተን የለ?»

እማዬ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ ለራሷም የሚሰማት አይመስልም ነበር።

«አባትሽ? አባትሽ ነነዌን ረሳ?»

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ዳገቱን መውጣት ጀመርን። ቅጠል ተሸካሚዎቹ ጎንበስ ብለው ያልፉናል፤ አንዷ «እንዴት ዋላችሁ» ብትለን እማዬ አልመለሰችም። እሷ ሰላምታ ሳትመልስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሼ ሲሰማ ብዙ ሰበብ ደረደረልን። «ታሞ ይሆናል፤ የታመመ ሰው አይጦምም። ወይም ሐኪም አዞት...» አለ። እማዬ «ይሆናል» አለች። ማክሰኞ ድንቹን ሠራች። አቡነ ዘበሰማያትን ጀመረች፣ መሃል ላይ ስትደርስ ከመጀመሪያው ደገመች፣ እንደገና ደገመች። ዳቦው ጠቆረ። እሱኑ ወሰድነው። ያ የከሰለ ዳቦ አንድ ፍርፋሪ ሳይቀር አልቆ ወጣ፤ አባቴ የከሰለ ዳቦ ለደንበኛ ሰጥቶ የማያውቅ፣ ራሱም የማይቀምስ ሰው ነበር። ረቡዕም እንዲሁ ሆነ።

ሐሙስ ነነዌ አበቃች። እማዬ ነጠላዋን አጥብቃ ለበሰች፣ ዳቦዎቹን ያዘች፣ ወረድን። በሩ ላይ ያ ልጅ ነበር። ከጥቂት ቀን ወዲህ እንደማይቀልድ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ዳቦውንም አላገላበጠም፤ ዓይኑን ከእማዬ አሽሽቶ እጁን ዘረጋ። እማዬ አልሰጠችውም።

«ልጄ፣» አለችው ዝቅ ብላ፣ «ማነው የሚበላልኝ?»

ልጁ ወደ ኋላው አየ። «እትዬ፣ አይጠይቁኝ፤ ሰው አለ...»

«ማነው የሚበላው?»

«ክፍል ውስጥ ያሉት ናቸው። ጠያቂ የሌላቸው አሉ።»

«እሱስ?»

ልጁ ዳቦውን ሳይቀበል ዞረ። ገብቶ ቆየ። ሲወጣ አንድ ጥቅል ይዞ ነበር። የአባዬ ጃኬት ነው። ነጭነቱ ጠፍቶ የዝገት ውኃ መስሏል። «ውሰዱ ተብሏል» አለ። «ከጥምቀት ወዲህ የሉም። ስማቸው ግን ከበሩ መዝገብ ስላልተሰረዘ ስንቁ ይገባ ነበር።» ከዚያ ይበልጥ ዝቅ ብሎ፣ «እዚህ አያልቅሱ፣ እባክዎ። ያዩኛል።»

እማዬ አላለቀሰችም። ጃኬቱን ተቀብላ ብብቷ ውስጥ አደረገችው። ከዚያ ዳቦዎቹን አንድ በአንድ በልጁ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«እንግዲያው ለነሱ ይግባላቸው። በስሙ ይብሉት።»

ለቅሶ አልተቀመጥንም። ያን ጊዜ እንዲህ ላለው ሰው ድንኳን መጣል፣ ድምፅ ማሰማት አይቻልም። ያን ከሰዓት ከግድግዳው ማዶ ቋ ቋታው ተቋረጠ፤ ሳምንት ሙሉ አልተሰማም። የቀበሌ ሰዎች ምነው ሥራ ፈታህ ቢሉት ጋሼ «ክር አልቆብኝ» አላቸው። ያለቀሰልን እሱ ነው፣ ዝም ብሎ። እማዬ ጃኬቱን በአመድ ውኃ ደጋግማ አጠበችው። ካውያውን ከመጭመቂያው ላይ አንስታ ተኮሰችው፤ ቤቱ የተጠበሰ ዳቦ ሸተተ። አጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው፣ ካውያውንም ወደ መጭመቂያው መለሰችው።

በየማለዳው ዳቦ ይዛ ወደዚያ በር መውረዷን አልተወችም። ተስካር ማውጣት አይፈቀድላትም፣ ድሃ ሰብስባ ማብላት አይፈቀድላትም፤ ይህ ግን ስንቅ ነው፣ በስሙ ይገባል። ልጁም ዝም ብሎ ያስገባላት ነበር። አንድ ቀን ሌላ ጠባቂ ቆሞ ጠበቃት፤ ስሙ ተሰርዟል ብሎ መለሳት። ከዚያ ወዲያ መጭመቂያውን አልከፈትነውም። ከአገር ስወጣ ጋሼ ዘንድ ነው የተውኩት። እማዬም አርፋለች፤ እሱም አርፏል አሉኝ። ብረቱ የት እንደደረሰ አላውቅም።

አሁን የምኖረው ክረምቱ የማያልቅ በሚመስል አገር ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እዚህም ቤተ ክርስቲያን አለን። ለቄሱ ለፍትሐት የአባቴን የክርስትና ስም ሰጠኋቸው፤ «ያረፉበት ቀንስ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? አላውቀውም። ማንም አልነገረንም። እኔ የማውቀው የዳቦዋ ጫፍ ሳትመጣ የቀረችበትን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥር አሥራ ሁለት አልኳቸው፤ ሰው ሁሉ ታቦት አጅቦ እልል የሚልበት ቀን።

በየዓመቱ በዚያ ቀን ዳቦ ጠብሼ፣ ጠርዙን በማንኪያ ጀርባ ተጭኜ፣ ለማኅበረ ምእመናኑ ይዤ እሄዳለሁ። ይበላሉ፣ ይመርቁኛል። ሳህኖቹን የምሰበስበው ራሴ ነኝ፤ ልርዳሽ የሚሉኝን አልፈቅድላቸውም። አንድ በአንድ እያየሁ ነው የማነሳቸው። እስካሁን ሁሉም ጨርሰው ነው የሚመልሱልኝ።